በበረዶው ላይ ጥድ የሚተክለው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ጥር ወር ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በእኛ በሰሜን ፊንላንድ በዚያ ወቅት ፀሐይ ብቅ ብላ ወዲያው ስለምትጠልቅ፣ ስምንት ሰዓት ማለት መምሻው ነው።

ስሜ ራውኒ ይባላል። ከታናሽ ወንድሜ ከያልማሪ ጋር፣ በረዶ የሆነውን ባሕር በብስክሌት እየተሻገርን ነበር። አባባ ብቻውን የሚኖረው ከማዶ ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ነው። በበረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ሚስማር የተተከለበት ጎማ እስካለን ድረስ፣ ይህ ለእኛ ብርቅ አይደለም።

መንገዱን የሚከፍተው አባባ ነው። ባሕሩ ሰው መሸከም ሲችል በረዶውን እየሰረሰረ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል፤ ከደጁ ጀምሮ እስከ እኛ ዳርቻ ድረስ። ጥዱ ከቆመ "ኑ" ማለት ነው። ደውሎ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አባቱን የማያምን ልጅ ያስብላል።

ያን ቀን ዳርቻው ላይ የመጀመሪያው ጥድ ቆሞ አየን።

አልደወልንም።

ያልማሪ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። በበረዶ ላይ ጎን ለጎን አይነዳም፤ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው እንዲተርፍ።

"እቴ፣ ያንን ክብደትሽን ይዘሽ ራቅ በይልኝ!" አለ እየሳቀ።

"የገናውን ጮማ ተሸክመህ አንተ ካልሰመጥክ፣ እኔማ አልሰምጥም!"

ግማሽ መንገድ ላይ ጉም ወረደ።

የያልማሪ የኋላ መብራት ቀይ ነጥብ ሆነች። ከጎኔ አንድ ጥድ... ቀጥሎ ሌላ ጥድ። ከዚያ ውጪ የሚታይ ነገር የለም።

ነዳን... ነዳን... ደሴቷ መታየት ነበረባት። አልታየችም።

ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ አንዱ ጥድ አጠገብ ቆምኩ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ቅርንጫፉ ላይ አመዳይ የለም። የእኔ ቅንድብ እንኳ ነጭ ሆኗል፣ ጥዱ ግን ለምለም ነው። ሙጫው ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ገና አልረጋም... ይንቀሳቀሳል።

በዚያ ብርድ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ወዲያው ነው የሚደፈነው። ስለዚህ ጥዱን የተከለው ሰው አሁን ነው የተከለው። ከፊታችን እየሄደ ነው። በእግሩ... እኛ በብስክሌት እየነዳን ግን አልደረስንበትም።

ዞር ብዬ ያለፍናቸውን ጥዶች ፈለግሁ።

አንድም አልነበረም።

ነውሩን ረስቼ ስልኬን አወጣሁ።

"አባባ... ጥድ እየተከልክ ነው?" ለምን ድምፄን ዝቅ እንዳደረግሁ እኔም አላውቅም።

"የምን ጥድ? ቤት ነኝ፤ ሾርባ ጥጃለሁ።"

"መንገዱን አልከፈትክም?"

"ዘንድሮ ገና አልከፈትኩም ልጄ። ከደሴቷ በስተሰሜን ውኃው በረዶ አልያዘም፤ እንደተከፈተ ነው። ራውኒ... የት ነሽ?"

ነገርኩት።

"ጥዶቹን እንዳትከተሉ! የጀልባ ማረፊያውን ደወል እመታለሁ፤ ወደ ድምፁ ኑ። ወንድምሽን ያዢው!"

ቀና ስል ቀይዋ ነጥብ እየራቀች ነበር።

"አባባ!" ይላል ያልማሪ፣ ወደ ፊት እየጮኸ። "አባባ፣ ቆይ እንጂ! ጠብቀን!"

ነፍሴ እስክትወጣ ነዳሁ። ርቀት ጠብቁ የሚለውን ሕግ ትቼ ጎኑ ደረስኩና ጃኬቱን ጨመደድኩት። ከሥራችን በረዶው ቋ... አለ።

"ልቀቂኝ! አባባ እኮ ነው!"

"ዝም በል..."

"ጀርባውን እያየሁት? ጥድ ተሸክሞ..."

"አባባ ቤት ነው። አሁን በስልክ አናገርኩት።"

የያልማሪ ፊት አመድ መሰለ።

ከጉሙ ውስጥ የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል። ክርር... ክርር... ክርር...

ከዚያ ቆመ።

የሚሰረስረው ነገር እኛን እያዳመጠን እንደሆነ ገባኝ።

ከፊት እሱ አለ። ከኋላ ምልክት የለም። ግራና ቀኙ በረዶ ይሁን ውኃ አይታወቅም። እንደዚያ ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ወንድሜንም እንደዚያ ሰዓት ወድጄው አላውቅም።

ደወሉ ተሰማ። ከግራ በኩል... በጣም ከሩቅ።

"እቴ... ያለ ምልክት ልንሄድ?"

"ከጎኔ እንዳትለይ።"

ወደ ግራ ታጠፍን። ከኋላችን መሰርሰሪያው እንደገና ጀመረ። ክርር... ቀረብ አለ። ክርር... ደግሞ ቀረብ አለ። ዞረን አላየንም።

አባባን የደሴቷ ዳርቻ ላይ አገኘነው፤ የደወሉን ገመድ አሁንም ይስባል። ሁለታችንንም አንገታችንን አንቆ ሳመን። በሕይወቴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ሾርባውን ጠጣን፤ ስለ ጥዱ ያነሳ የለም።

ጠዋት ጉሙ ተገፈፈ።

"ኑ፣ የታጠፋችሁበትን አሳዩኝ" አለን አባባ። በረዶው መጽናቱን ለማወቅ በሹል ዘንግ እየወጋ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ እስከ ክፍቱ ውኃ ጠርዝ ወሰደን።

ጥዶቹ እዚያ ነበሩ። ተሰልፈው... ክፍቱ ውኃ ላይ ሳይቀር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ውኃው ይፈስሳል፣ እነሱ ንቅንቅ አይሉም።

የጎማችን ዱካም ነበር። ሁለት መስመር።

የታጠፍንበትን ቦታ ፈለግሁ... የለም። ወደ ደሴቷ የመጣ ዱካም የለም። ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ውኃው ውስጥ ይገባሉ።

ከውኃው ማዶ ባለው በረዶ ላይ ደግሞ ይቀጥላሉ። ጎን ለጎን... ወደ ሰፊው ባሕር።

"አባባ..." አለ ያልማሪ፣ አንድ እርምጃ ተጠግቶ።

አባባ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዱካውን አየ፤ እኛን አየ። ከዚያ ዘንጉን አንስቶ ሹል ጫፉን ወደ እኛ አዞረው።

"ልጆቼን... የት አደረጋችኋቸው?"

ያልማሪ ዞሮ አየኝ... ከዚያ እሱም ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ።