ሁለተኛው ሪሞት

«ባትሪውን ወደ ቀኝ። ወደ እኔ ቀኝ፣ ገኒ።»

ዮሐንስ እጁን እስከ ክርኑ ፔጆዋ በር ውስጥ ከቷል። ዕፀገነት የእጅ ባትሪውን አዘነበለችና ትንፋሿን ያዘች። ወንድሟ በሩን ሲፈታ አንዲት ብሎን አልጣለም። የበሩን የውስጥ ልባስ የሕፃን ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው ቀስ አድርጎ አወለቀው። ከመቆለፊያው ዘንግ ጎን ትንሽ ሞተር አሰረ። ሽቦውን በላስቲክ ቱቦ አሳለፈና በሩ ሲከፈት እንዳይወጠር ትርፍ ተወለት። ይህን ሁሉ በአባታቸው ዕድሜ ባለች ሰማያዊ ፔጆ ላይ፣ ምንም ሳይሰብር።

ሲጨርስ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሪሞቱን ተጫነ። ጠቅ። አራቱም በሮች እኩል ተከፈቱ፣ መብራቷም ብልጭ አለ።

«አሮጊቷ ጥርስ አስተከለች በሉኛ» አሉ ጎረቤታቸው ጋሽ እንደሻው ከአጥሩ ወዲያ።

ዮሐንስ ግራሶ የነካው ፊቱ ሁሉ ሳቀ። ዕፀገነት እንዲህ ያለ ወንድም ያላት በሐረር እሷ ብቻ መሰላት።

ሥራው ያለ ምክንያት አልተጀመረም። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ የሚሠራባትን ፔጆ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር ያቆማል። ከገጠር የሚመጡ ደንበኞቹ የገዙትን ኋላ ወንበር ላይ ጣል እያደረጉ ወደ ገበያው ይመለሳሉ። የሚጠይቅ የለም፤ የፔጆዋ በርም ተቆልፎ አያውቅም። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ የአዴ ኸዲጃ ዘንቢል ከወንበሩ ላይ ጠፋ። አዴ ኸዲጃ በሐኪም ጋራ በኩል የሚመጡ፣ ዕፀገነት ሳትወለድ ጀምሮ የአባቷ ደንበኛ የሆኑ እናት ናቸው። «አላህ ይተካዋል» ብለው ዝም አሉ። አባቷን ያመመው ያ ዝምታ ነው፤ የዚያን ቀን ራቱን አልቀመሰም። ዮሐንስ «ሴንትራል ሎክ እገጥምላታለሁ» ያለው ያኔ ነበር።

ከዕቃው ጋር ሁለት ሪሞት መጥቷል። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ ባትሪ ለያዘችው» አለ አባቷ። ዕፀገነት የራሷን በጥቁር ክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ እሷ ከክፍል ጓደኛዋ ከዋፊቃ ጋር የግንቡ ጥላ ሥር ቆመች። ተጫነች፤ ፔጆዋ ከመንገዱ ማዶ ተከፈተች። ደግማ ተጫነች፤ ተቆለፈች።

«ወላሂ ትሰማሻለች» አለች ዋፊቃ። «እኔን ታናሽ ወንድሜ እንኳ ስጠራው አይሰማኝም።»

ሲሳሳቁ አዴ ኸዲጃ ጥቅል ተሸክመው መጡ። እንደ ልማዳቸው የኋላውን በር ሳብ አደረጉት። አልከፈት አለ። ደግመው ሳቡት። ዕፀገነት ልትከፍት ተጣደፈችና ጣቷ የመቆለፊያውን ቁልፍ ተጫነ፤ መብራቱ ፊታቸው ላይ ብልጭ ሲል አዴ ኸዲጃ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዘወር ሲሉ ሪሞቷን እንደያዘች አዩዋት።

«አዴ፣ ይኸው ልክፈትልዎ—»

«ተይው፣ የሽመልስ ልጅ። አባትሽ ደግ አደረገ። ባለፈው በእኔ ዕቃ ብዙ ተጨንቋል።» ጥቅላቸውን አስተካክለው ተሸከሙ። «በሩን የዘጋ ሰው ክፈት አይባልም።»

ከነሸክማቸው ወደ ገበያው ገቡ። ዋፊቃ መሬት መሬት አየች።

አባቷ ተመለሰ። «አዴ ኸዲጃ ዛሬስ ዘገዩ» አለ መንገዱን እያየ።

ዕፀገነት የዮሐንስ ግራሶ የነካው ሳቅ ታያት። «አላየኋቸውም» ብትል ያ ሳቅ እንዳለ ይቆያል፤ አባቷም እስኪመሽ መንገድ መንገዱን ያያል።

«መጥተው ነበር» አለች። «በሩ እሳቸው ላይ የተቆለፈ መሰላቸው። ልከፍት ብዬ ጭራሽ ቆለፍኩባቸው።»

አባቷ እጁን ፔጆዋ ጣሪያ ላይ አሳረፈ። «ዮሐንስን ፍታው ልበለው?» አለ።

«እንዲህ ያለ ሥራማ አይፈታም።» ክሩን ከአንገቷ አወጣች። «የእኔን ልስጣቸው?»

«አንቺስ?»

«እኔ ባትሪ መያዝ አይቀርብኝም።»

አዴ ኸዲጃን ያገኘቻቸው ሽንኩርት ሻጮቹ ጋ፣ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ፊታቸው ቁጢጥ ብላ ሪሞቱን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ይኼ የእርስዎ ነው። የላዩ ይቆልፋል፣ የታቹ ይከፍታል። ያለው አባዬ ጋና እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

አገላብጠው አዩት። «በዚህ ዕድሜዬ ባለ መኪና ሆንኩ በይኛ» አሉና ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

አብረው ተመለሱ። ፔጆዋ ጋ ሳይደርሱ አዴ ኸዲጃ ቆሙ፤ ቋጠሮውን ሳይፈቱ በጨርቁ ላይ ዳበስ ዳበስ አድርገው ተጫኑ። ጠቅ። ማዶ የቆመው አባቷ ሰማ፤ ግን ማን እንደከፈተ ለማየት እንኳ አልዞረም።

ዕፀገነት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ ክሩ የለም። ከዚያ ጥቅሉን ልትቀበላቸው ተጠጋች።