የግራው ፔዳል

«አሁንም ቀረ!» አለ ምንዋጋው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ። «ቀኙ ይደርሳል፤ ግራው ከኋላ ይጎተታል።»

ፀደይ ከትልቁ ድራም ሥር ተንበርክካ ሁለቱን የእግር ፔዳሎች እንደገና መመርመር ጀመረች። የሚያገናኛቸው ዘንግ አልላላም። ብሎኖቹን አጥብቃለች፣ መጋጠሚያውን ዘይት ቀብታለች፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጆንያ አንጥፋለች። የግራው ፔዳል ግን እንደ እልኸኛ በቅሎ ይታገላታል፤ ስትረግጠው ይከብዳል፣ ስትለቀው ይፈናጠራል። ባንዳቸው በሰቆጣው የሻደይ በዓል መድረክ ሊወጣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

«ስፕሪንጉ ነው» አለ ምንዋጋው። «ወንድምሽ ትእዛዙ ለራሱ እግር ነው የወጠረው። አላልተሽ መምቻውን ወደ ድራሙ ጠጋ አድርጊው።»

«አልነካውም አልኩህ!»

ምክንያቷን ያውቃል። ታላቅ ወንድሟ ትእዛዙ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከቤት የወጣ ዕለት፣ «እስክመለስ ምቺበት፤ ስፕሪንጉን ግን እንዳትነኪብኝ» ብሏት ነበር። ከጅቡቲ «ዛሬ ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ክረምት ገባ፤ ድምፁ የለም።

ምንዋጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለፈው እኮ ደውሎልኝ ነበር። ትንካው ብሏል።»

ፀደይ ብድግ ብላ ፊቱን አየችው። ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ ሰበረ። ትእዛዙ ቢደውል ከእናቱ አስቀድሞ ለማን ይደውላል?

«ውሸታም» አለችው። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች።

«እኔ እኮ… ትንሽ እንዲቀልሽ ብዬ ነው።»

መድረኩ ትእዛዙን እንደማይጠብቅ ገብቷት የብሎን ቁልፉን አነሳች። ዳዶው አልፈታ ብሎ እንባዋ እየወረደ ታገለችው። በመጨረሻ ላላ፤ ወንድሟ በእጁ የለካው ልክም አብሮ ጠፋ። መልሳ እንደማታገኘው ታውቃለች። መምቻውን አስጠግታ ተቀመጠችና መታች። ግራና ቀኙ እኩል ሄዱ። ምንዋጋው «ቀወጥሽው!» ሊል አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው።

ሲመሻሽ ቤት ስትደርስ እናቷ ተዋበች ደጃፍ ላይ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ከትእዛዙ ጓደኞች የሰማሽው ነገር አለ?»

«ደውሏል» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ለዛሬ እንኳ እንቅልፍ ይሆናት ነበር።

«የለም፣ እማዬ።» ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ያዘች። «ዛሬ ትእዛዙ አትንኪ ያለኝን ስፕሪንግ አላላሁት።»

እናቷ ወደ ፀደይ እግር አየች።

«ለእግርሽ ተስማማ?»

«ተስማማኝ።»

ተዋበች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ፀደይ እጇን አልለቀቀችም።