ዋናውን ያጠፋ ሰው

ሄርሊንደ መናደዷ ከኮቴዋ ይታወቃል። የዚያን ቀን ዋነስ ኮቴዋን የሰማው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነበር፤ ጨለማውን ያመጣውም እሱ ራሱ ነው።

«ማነው መብራቱን ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አላት ከምድር ቤቱ።

የባሕር ዳርቻዋ ከተማ የኦስተንደ ሆቴሎች አንሶላቸውን የሚያሳጥቡት እሷ ላውንደሪ ነው። የበጋው እንግዳ ገብቷል። ማሽኖቹ ሁሉ ውሃና አንሶላ እንደያዙ ቀጥ ብለዋል።

ወርዳ የእጅ ባትሪዋን ፊቱ ላይ አበራችበት። «አብደሃል? እኔን ሳትጠይቅ?»

የተዋወቁት በጸደይ ነበር። የአንሶላ ጋሪዋ መንገድ ዘግቶበት፣ ጥሩምባ መንፋት አፍሮ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አይታ በሳቅ ሞተች። ኤሌክትሪሺያን መሆኑን ስታውቅ አዲስ ማድረቂያ እንዲያስገባላት ለመነችው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ልለካ እያለ በየሳምንቱ ብቅ ይላል። ግድግዳው ግን አላደገም።

የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ ግን ሞልቷል፤ የአዲሱን ማሽን መብራት የሚያቋርጥ አንድ ብሬከር እንኳን የሚጨመርበት ቦታ የለውም። «ከጎኑ ሁለተኛ ሳጥን እተክላለሁ፤ ለዚያ ግን አንድ ቀን መዝጋት አለብሽ» አላት። «በበጋ? ሆቴሎቹ ጥለውኝ ይሄዳሉ!» ብላ ተቆጣች። ተኳረፉ።

ዛሬ ሊታረቃት ሲመጣ ከደረጃው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ሳጥኑን ከፈተ። አንድ ሰው የአዲሱን ማድረቂያ ሽቦ፣ የመተኮሻው ሽቦ ከገባበት ብሬከር ላይ ደርቦ አስሮታል። ሁለቱ ሽቦዎች በአንዲት ብሎን ሥር ጠቁረው፣ የፕላስቲክ ልባሳቸው ቀልጧል። ወዲያው የቤቱን ዋና ማብሪያ አጠፋ።

«ነይና እይ!» አላት አሁን ሳጥኑን እያሳያት። «ማነው ይህን የሠራው?»

አየች። «ወንድሜ ዮስት ነው» አለች። «አድርግልኝ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ቤቱ ሊነድ ነበር እኮ! ላይ ሰው ሞልቷል! አንቺ አለሽበት!»

«ታዲያ ከማጥፋትህ በፊት ለምን አልጮህክም? አንሶላ የምትደረድረው ሚያ መሰላል ላይ ነበረች። ድንገት ሲጨልም ወድቃ ክርኗ ተላጠ! አንገቷ ቢሆንስ?»

እውነቷን ነው።

«እጅ አለህ፣ አፍ የለህም! ግድግዳ ልለካ ትላለህ፤ ምን ፈልገህ እንደምትመጣ ማንም የማያውቅ ይመስልሃል? ውጣልኝ!»

ጆሮው ቀላ። «አልወጣም» አለ። ከማንም ጋር ተሟግቶ አያውቅም ነበር። «ዛሬ ቤቱ ዝግ ነው። አዲሱ ሳጥን መኪናዬ ላይ ነው።»

እሷ ላይ ቤት ከሆቴሎቹ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ፣ እሱ ታች ሁለተኛውን ሳጥን ግድግዳው ላይ አቆመ። የተቃጠሉትን ሽቦዎች ቆርጦ ዋናውን መልሶ አበራ። ቀጥሎ የትኛው ብሬከር የትኛውን ማሽን እንደሚያበራ መለየት ነበረበት። አንዱን አጠፋና ጮኸ።

«ጠፋ?»

«አልጠፋም!» አለች ሄርሊንደ ከላይ፣ እንደተኮሳተረች።

«አሁንስ?»

«ትልቁ ማጠቢያ ጠፋ! ቶሎ በል!»

ዋነስ እጁ ብሬከሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷን ሳያይ መናገር ይሻለዋል።

«እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ላይ ቤት የሴት ሠራተኞቹ ወሬ ተቋረጠ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል!»

«ወጥተህ ፊት ለፊት ንገረኝ፣ አንተ ፈሪ!»

ወጣ። እጁ ጥላሸት ለብሷል። ሄርሊንደ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ ንዴቷ ገና አልበረደም። ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቃሉን ሳይውጥ ደገመው።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሌላ ጊዜ» አለች፣ «መጀመሪያ ተናገር። ከዚያ አጥፋ።»

«እሺ።»

«ሳሚው እንጂ ልጄ!» አለች ሚያ ከኋላ። «ሥራ ፈተን ቆመናል!»

ሄርሊንደ እንደተቆጣች ሳመችው።