ቀዩ ማስጠንቀቂያ

ጋሽ ወልደመስቀል መርፌውን ከተወጉበት ወንበር ሳይነሱ ሞቱ። ነርስ አስካለች ሲሪንጁን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው አስካለች የሰማችው፣ ሚስታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደጅ ከሚጠብቁበት እየጮኹ ሲገቡ ነው።

የፖሊስ ኢንስፔክተር ፈጠነች ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ኃላፊው ደገፉም ከጉኑኖ ከተማ ስብሰባ ተመልሶ ገና ከመኪና እየወረደ ነበር። አብረው ገቡ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የሟቹ መዝገብ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን ክልክል» ይላል።

«ቅድም ይህ አልነበረም!» አለች አስካለች።

«ታዲያ መልአክ ጻፈው?» አለ ደገፉ።

አስካለች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሚጠብቃት እስር ይልቅ እፍረቱ ባሰባት፤ ይባስ ብሎ የገዛ ዓይኗን መጠራጠር ጀመረች። የኮምፒዩተር ባለሙያው ማቲ አጠገቧ ቆሟል። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው። ጉድ እኮ ነው፣ «አይዞሽ» እንኳን አላላትም!

«ኮምፒዩተሩን በቅርቡ የነካው ሰው አለ?» ስትል ፈጠነች ጠየቀችው።

«ከሁለት ወር በፊት ለዞኑ ግምገማ ብለን ዳታቤዙን፣ የታካሚውን መዝገብ ሁሉ፣ አራግፈን እንደገና ደርድረነዋል። የዞን እንግዶች ሲመጡ ቶሎ እንዲከፈት አቶ ደገፉ አዘዙኝ።»

«ፓስወርዱን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሳቸው።»

ፈጠነች ወጣችና ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎችን እያናገረች መዝገባቸውን አስከፈተች።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ለግምገማ ተሰበሰበ፤ ፈጠነች የጠራቻቸው አንዳንድ ታካሚዎችና ወይዘሮ የማርያምወርቅም ተገኙ። እየተነሱ «ግዴለሽ ናት» አሏት። አስካለች ከነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አላነሳችም። ተናግረው ሲጨርሱ ፈጠነች ተነሳች።

«ወይዘሮ ሀጂራ፣ ባለፈው ወር ምን አስመዘገቡ?»

«አስሜን ነዋ! አስካለች ስትጽፍ አይቻታለሁ» አሉ ከታካሚዎቹ መካከል የተቀመጡት ባለሱቅ።

«አሁን ግን አይታይም። ከድርደራው በኋላ የተጨመረ ነገር ከማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ጭማሪው የሚታየው የሟቹ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ለምን?»

ወደ ማቲ ዞረች።

«ማቲ መዝገቦቹን ሲደረድር ለጭማሪ ቦታ ሳይተው ጠቀጠቃቸው። ከሻንቶ መናኸሪያ ሞልቶ የተነሳ ሚኒባስ መንገድ ላይ የቆመውን የት ያስቀምጠዋል? ቀሪው በሌላ መኪና ይከተላል። ጭማሪውም እንዲሁ ሌላ ቦታ ተጻፈ። ማሽኑ ጭማሪውን ሲፈልግ እየዘገየ ስላስቸገረ፣ ማቲ ጭራሽ እንዳይፈልግ አደረገው። እናንተም ለፍጥነቱ አጨበጨባችሁ።»

ደገፉ ከመቀመጫው ተነሳ። «እኔ ፍጠን እንጂ…»

«ጋሽ ወልደመስቀል ሲሞቱ የእሳቸው መዝገብ ብቻ ተጠገነ» ስትል አቋረጠችው። «ፓስወርዱን ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ከእኔ ጋር ነው የገባው። እዚህ የነበረው ማቲ ብቻ ነው።»

ማቲ ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ… ያወቅሁት ሲሞቱ ነው። ደንግጬ ነው ያስተካከልኩት።»

«ገዳይ ሲሉኝስ? ቆመህ ስትሰማ?»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ማቲን ይዞት ወጣ።

አይ ሰው! ቅድም ሲረግሟት የነበሩት «እንኳን ደስ ያለሽ» እያሉ ሊያቅፏት ተጋፉ። አስካለች በመካከላቸው አልፋ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እግር ሥር ተንበረከከች። ፊታቸውን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

«እማማ፣» አለች፣ «ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»