ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ከባጃጅ ወርጄ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር የእግር መንገድ ስታጠፍ «አየር ልቀበል ነው» ብዬ ራሴን ዋሸሁት። እውነቱ ግን ሕዝቅያስን ልሰናበት መምጣቴ ነው፤ ያውም እሱ በሌለበት።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የእስራኤል ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። እስራኤል መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። አባቴ ትናንት እራት ላይ «ሮሆቦት፣ እንግዲህ ምን ልበላቸው?» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ሕዝቅያስን ያወቅሁት እዚሁ ነው። ወንዙ ዳር ችግኝ ከሚተክሉት አንዱ ነበር። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶብኝ በአንድ እግሬ ስንገዳገድ አየኝና፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጫማዬን መዞ አጥቦ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አንጠፋም ነበር። ብዙም አናወራም። ቄጠማው ሲወዛወዝ እናያለን፤ ዓይናችን ሲጋጭ ሁለታችንም ወደ ውሃው እንዞራለን።

ባለፈው ዓመት እኔ ቤት በሌለሁበት ሽማግሌ ላከ። ከዚያ ጠፋ። ዲላ ሥራ አግኝቶ መሄዱን የሰማሁት ከሰው ነው። ልደውል ስል እናቴ «ከፈለገሽ በሩን ያውቀዋል» አለችኝ፤ እኔም ኮራሁ። ናፍቆቱ ግን በኩራት የሚመለስ አልሆነም።

እንቀመጥበት የነበረው ሾላ ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ ወንዙን ያያል። ከጀርባው አወቅሁት።

«ሮሆቦት!» ብድግ አለ።

«መቼ መጣህ?»

«ዛሬ ጠዋት። አክስቴን ልጠይቅ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ውሸቴን ነው። ቅዳሜ ሲሆን አያስችለኝም። እመጣለሁ፣ አጣሻለሁ፣ እመለሳለሁ።»

«ከሄድክ ወዲህ እኮ እዚህ ረግጬ አላውቅም።»

ሁለታችንም ወደ ውሃው ዞርን። ከወንዙ ማዶ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል።

«ልታገቢ ነው አሉ።»

«ነገ መልስ ይሰጣቸዋል።»

«ጌታ ይባርክሽ» አለ፤ ድምፁ ግን የመራቂ ድምፅ አልነበረም።

ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። «ለምን አልተመለሱም?»

«እነማን?»

«ሽማግሌዎችህ!»

«አባትሽ እኮ ‹ልጃችን ገና ናት፣ ለመዳር አላሰብንም› ብለው መለሷቸው!»

«ታዲያ ‹እሰይ፣ ውሰዱልን› እንዲል ነበር የፈለግከው? በመጀመሪያው ቀን ማን እሺ ይላል! አባቴ ራሱ እናቴን ያገኘው ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲጠኑ ከርመው ነው። ለመሆኑ ማንን ነበር የላክኸው?»

«ሚኪያስንና ክብሩን» አለ አፍሮ። «አብረውኝ የሚዘምሩትን።»

ሚኪያስ ጊታር ተጫዋች ነው። የክብሩ ጢም ገና በቅጡ አልበቀለም። እነዚህን ነው ሽማግሌ ብሎ የላከብኝ!

«አባት የለኝም፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት» አለ። «ማን ይንገረኝ? እነሱም ‹የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም› ብለው ሲመለሱ አመንኳቸው።»

ያን ሁሉ ጊዜ እሱ የተጠላ፣ እኔ የተረሳሁ መስሎን ኖረናል።

«እወድሃለሁ እኮ» አልኩት። አምልጦኝ ነው፤ ግን አላፈርኩበትም።

እጁን ወደ እጄ ሰደደና ሳይነካኝ መልሶ ሰበሰበው። «ሰዎቹ የሚመጡት ነገ ነው አይደል?»

«ነገ።»

«እንግዲያው የእኔ ዛሬ ይመጣሉ» ብሎ ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ።

ቤት ደርሼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «እነ እስራኤልን ይቅርታ እኔ እጠይቃለሁ» አለኝ።

አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ሲያስገባቸው በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ አየሁ። ከእነ ሕዝቅያስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሸበቶዎች ከዘራቸውን ይዘው፣ ልክ እንደ አባ ኮዳዎቹ፣ ተደርድረው ቆመዋል። አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው «መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ።

አባቴ ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጃችን ገና ናት፤ ለመዳር አላሰብንም።»

ሽማግሌዎቹ ቅር እንኳ አላላቸውም። «እንግዲያው ለቅዳሜ እንመለሳለን» ብለው እጅ ነስተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ።

«ሮሆቦት፣ እምቢ ተባልን!» አለኝ፤ ሳቁ አላናግር ብሎታል።

«እሰይ» አልኩት። «ቅዳሜ እንዳትቀሩ።»