ሦስት ጊዜ የሚጠይቀው አጉራሽ

የዋሻ ሰባት ጆሮ ዛሬም ግማሽ ደንቆሮ ሆኖ አደረ። ከጨው በታች በተሠራችው ከተማ ጆሮ ማለት ጣሪያው ላይ ተሰክቶ ስንጥቅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው፤ በዋሻ ሰባት ጣሪያ ሥር ደግሞ አርባ አባወራ ይኖራል። ትርንጎ መሰላሉ ላይ ወጥታ ሦስት አጉራሾችን ፊቷ ደረደረች። አጉራሽ የሚሉት ኤሌክትሪክና መረጃን በአንድ ገመድ አጣምሮ ለመሣሪያው የሚያቀብል ሣጥን ነው።

ልቧ ግን ከሥር ከቆመው ከናሁሰናይ ዘንድ ነበር። ባለፈው ወር አለቃው አቶ ልሳነወርቅ የጥገና ኃላፊነቱን እንድትወስድ መጀመሪያ የጠየቁት እሷን ነው። "ኧረ እኔ ምን ሆኜ፣ ሌላ ሰው ይሻላል" አለች፤ "እንዴት ተደርጎ!" እስኪሏት እየጠበቀች። እሳቸው ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። ያ ይሉኝታ ያልፈጠረበት ሰው ጥያቄው ሳያልቅ "እሺ!" አለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የኃላፊነት ባጁ ደረቱ ላይ ብልጭ ባለ ቁጥር ትርንጎ በቅናት እርር ድብን ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመት ገመድ የጎተተችው እሷ፣ ባጁ የሱ!

"የመጀመሪያውን እንዳትሞክሪው" አለ ናሁሰናይ። "ሳይጠይቅ ነው የሚያጎርሰው፤ አምና ሁለት ጆሮ አቃጥሏል። ሁለተኛውን ግጠሚ፤ እሱ ጠይቆ የተባለውን ይሰጣል።"

'ጠፍቶኝ መሰለው!' አለች በሆዷ። ግን ገጠመችው።

"ስንት ዋት?" አለ አጉራሹ።

"አሥራ አምስት ይበቃኛል፤ አትቸገሩ" አለ ጆሮው።

"በቃ፣ ጠግቧል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው" አለ ናሁሰናይ።

የትርንጎ እጅ ባለበት ቀረ። አትቸገሩ? ጆሮዎች የሰውን ኮቴ ከስንጥቅ ድምፅ እንዲለዩ አንድ ዓመት ሰው ቤት ያድጋሉ። ለካ ይሉኝታም አብረው ይማራሉ!

ሦስተኛውን አንስታ ገጠመች። አሮጌ ነው፤ ደጋግሞ እየጠየቀ ጊዜ ያባክናል ተብሎ መጋዘን ተጥሎ የከረመ።

"ስንት ዋት?"

"አሥራ አምስት።"

"በሞቴ፣ ስንት?"

"ሃያም ቢሆን አልጠላም።"

"አፈር ስሆን!"

"ሠላሳ" አለ ጆሮው በቀጭን ድምፅ። "ርቦኝ ነበር።"

የአጉራሹ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ ወዲያውም ጆሮው ጮኸ። "ሰሜን ጥግ ስንጥቅ አለ!"

አርባው አባወራ ከቀትር በፊት ወጥቶ አለቀ። ሰሜን ጥግ ሲደረመስ ከሥሩ ሰው አልነበረም።

አቶ ልሳነወርቅ አቧራው ሳይረጋ ደረሱ። "ለዋሻዎቹ ሁሉ አጉራሽ የሚመርጥ ሰው እንሾማለን" አሉ። "ትርንጎ፣ ትወስጂዋለሽ?"

"ኧረ ሌላ ሰው..." አፏ ቀደማት።

አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። የናሁሰናይ ከንፈር ለ"እሺ" ተከፍቷል። ሣጥን እንኳ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሰው ግን አንዴ ጠይቆ ያልፋል ብላ አሰበች።

"አቶ ልሳነወርቅ" አለች፣ ፊቷ በሀፍረት እየጋለ። ድምፅዋ እንደዚያ ጆሮ ቀጥኖ ወጣ። "እባክዎ፣ እንደገና ይጠይቁኝ።"