የሙንዲር ክርን

«ጉልበቴ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች ዘይነብ፣ የሽንኩርት ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች።

ሰልዋ ደነገጠች። «አይ... ማለቴ፣ ተሻለዎት ወይ ብዬ ነው እትዬ ዘይነብ። ክኒኑ ጨጓራ ስለሚነካ ምግብ ሳይበሉ እንዳይወስዱት ልነግርዎት ነበር።»

«የምን ክኒን?»

ይህ የሆነው በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ ነው። እኔ የሚኒባስ ጎማ ፈትቼ አጎንብሼ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አላጎነበሰም።

ዘይነብ ጎረቤቴ ናት። ስልሳ ልትሞላ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ እኔ ባዶ እጄን ሁለት ጊዜ የማርፍበትን አቀበት እሷ ዘንቢል ተሸክማ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። እንዲህ ያለችውን ሴት ጉልበትሽ እንዴት ነው ማለት አርጅተሻል ከማለት አይለይም። ያውም ጠያቂዋ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ልጇ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ስትሆን።

ሰልዋ አንድ አፍታ ዘይነብን አየቻት፤ የሆነ ነገር ገባት መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼ ይሆናል፣ ፋርማሲው ውስጥ ብዙ ሰው ነው የሚመጣው አለች። ዘይነብም ይቅርታውን ተቀብላ፣ እኔ አጠገብ ስትደርስ ግን «ገና ቤቴ ሳትገባ አሮጊት አደረገችኝ» ብላኝ አለፈች።

ሰልዋ አልሄደችም።

«ጋሼ ስብሐት» አለች፣ «ሙንዲር ሦስት ሳምንት ሙሉ ‘ለእናቴ ጉልበት’ እያለ ዳይክሎፌናክ ማስታገሻ ከእኔ ሲገዛ ነበር።»

ጎማውን ማገላበጥ ያዝኩ። ያልመለስኩላት ስለማላውቅ አልነበረም።

ሙንዲር የዘይነብ አንድ ልጅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ይማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት አንድ ጃፓናዊ የስፖርት መምህር በበጎ ፈቃድ መጣ፤ አንድ ጆንያ ትናንሽ ጠንካራ ኳሶችና የቆዳ ጓንቶች ይዞ። ቤዝቦል ይባላል አላቸው። አንዱ ከፍ ባለ አፈር ላይ ቆሞ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። መምህሩ በሁለት ዓመቱ ወደ ሀገሩ ሲመለስ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ወደ እግር ኳሳቸው ተመለሱ። ሙንዲር ብቻ እኔ ዘንድ መጥቶ አሮጌ ጎማ ለመነኝ።

ጎማዋን ከቤቴ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀላት። ከዚያ አሥራ ስምንት ሜትር ከምናምን ርቆ ቆመና በጎማዋ ቀዳዳ ውስጥ ኳስ ማሳለፍ ጀመረ። ጀመረ ስል፣ ስድስት ዓመት አላቆመም ማለቴ ነው። ሰፈሩ «ወርዋሪው» አለው። ድንጋይ መወርወር የማይችል የጉለሌ ልጅ ስለሌለ ነገሩን ማንም እንደ ሙያ አልቆጠረውም፤ እኔም ጭምር። አንድ ቀን ያ መምህር ከሀገሩ ሆኖ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ላክልኝ አለው። ልጁ በሃያ አንድ ዓመቱ ጃፓን ሄዶ ተፈተነ፤ የአንዲት የገጠር ከተማ ክለብም ወሰደው።

«ትልቁ ሊግ እንዳይመስልዎት ጋሼ» ይለኛል ሁልጊዜ። «እኛ በአውቶቡስ ነው የምንዞረው።»

ይሁን እንጂ አምስት የውድድር ዘመን እንጀራ በልቶበታል። በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር አሞቀ። በሦስተኛው፣ የነጥብ ልዩነቱ ሲጠብና ሁሉም ሲጨንቀው መጨረሻ ላይ የሚያስገቡት ሰው ሆነ። ኳሱ በሰዓት መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኛል፤ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ጎማ ሊያስጠግን ብዙ ጊዜ በሕይወት እኔ ዘንድ አይደርስም። ከመጋቢት እስከ መስከረም እዚያ ይወረውራል፣ ከዚያ እናቱ ቤት መጥቶ ይከርማል።

ሰልዋን ያገኛት አምና ነው። ከመወርወር ብዛት የጣቱ ጫፍ ተልጦ ፕላስተር ሊገዛ ፋርማሲው ገባ። ምን ሆነህ ነው ስትለው ኳስ ወርውሬ አላት። ኳስ በእግር አይደለም እንዴ አለችው። እሱም ሊያስረዳት ጀመረ፤ ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ተቆጡ፤ እሷ የተቆጡትን አስተናግዳ ስትጨርስ እሱ አሁንም ጥግ ላይ ቆሞ እያስረዳ ነበር። በማግስቱ ሌላ ፕላስተር ገዛ። በአንድ ሳምንት የገዛው ፕላስተር የእግር ኳስ ቡድን ይጠግናል።

ዘንድሮ ሲመለስ ግን ድምፁ ተለወጠብኝ። የእሱ አይደለም፣ የኳሱ። አምና ኳሱ በጎማዋ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ምንም አይሰማም ነበር፤ ዘንድሮ ከአሥር ስድስቱ ላስቲክ ይመታል። የውሃውን ጀሪካንም በግራ እጁ ሲያነሣ አየሁት። አየሁና ዝም አልኩ፤ የሰው ልጅ እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ካለ፣ ደህና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል።

ዝምታዬ ግን በዚያው ሳምንት እሑድ ዋጋው ጨመረ።

ሽማግሌ ሆነን ወደ ሰልዋ አባት ወደ ሳቢት ቤት የሄድነው ሦስት ነን፤ ሐጂ ሙዓዊያ፣ አቶ ዋቅጋሪና እኔ። እኔን ያስገቡኝ ልጁን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል ተብሎ ነው። ሳቢት በአዲሱ ገበያ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጥ፣ ምንጣፍ ሲገዛም ሲሸጥም ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ ሰው ነው። እንደ ወጉ ስለ ልጁ ጠየቀን። ዲኑ? ጸባዩ? ሥራው? ሥራው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ኳስ ለሚወረውር ሰው ደመወዝ የሚከፍል ሀገር መኖሩን ሦስት ጊዜ አረጋገጠ። በመጨረሻ «ጤናውስ?» አለ።

«እንደ ብረት ነው» አሉ ሐጂ ሙዓዊያ፣ እውነት መስሏቸው። «እኛ ዋስ ነን።»

እኛ ሲሉ እኔም አለሁበት። የሰልዋ ፊት በጓዳው መጋረጃ ሲያልፍ አየሁት፤ እኔን እንጂ ማንንም አላየችም። አንገቴን ደፍቼ ሻዬን አማሰልኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

ሳቢት እንደ ደንቡ፣ ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብሎ ሸኘን።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሰልዋ ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች ከፋርማሲው መጣች። እኔን ሰላም ብላ ቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች፤ ሙንዲር እዚያው ነበር። እኔ ለመሄድ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ያልተጋቡ ልጆች ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ቀረሁ። አንድ የውስጥ ጎማ ነፍቼ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከርኩና አረፋ ፍለጋ ጀመርኩ። ጎማው አዲስ ነበር።

«ክርንህን ዘርጋው» አለችው።

«የትኛውን?»

«ሙንዲር።»

ቀኝ እጁን ዘረጋ። ዘረጋ አልለውም፤ ክርኑ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የሰልዋ እጅ ወደ እጁ ሄደና ሳይነካው አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም ያን ክርን እንደ ታመመ ልጅ አብረው አዩት።

«ሐኪም አይቶታል?»

«መስከረም ላይ፣ እዚያው። ጅማቱ ከግማሽ በላይ ተበጥሷል አለኝ። ከሌላ ቦታ ጅማት ወስደው ይሰፉታል፤ ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ መወርወር የለም።»

«ክለቡስ ምን አለ?»

«አያውቁም። ካወቁ ውሉን አያድሱም። የእኛ ዓይነት ክለብ ዓመት ሙሉ የማይወረውር ወርዋሪ አያስቀምጥም።»

«እና?»

«እና ይኼን አንድ ዘመን እየዋጥኩ እጨርሰዋለሁ። ኒካው ይታሰር። ከዚያ የፈለገ ይበጠስ።»

ገንዳዬ ውስጥ አንድም አረፋ አልነበረም።

«ባለፈው እናትህ ቤት ምሳ ስንበላ አይቼሃለሁ» አለችው በኋላ። «እጅህን ወደ አፍህ አላመጣህም። አፍህን ነው ወደ እጅህ ያወረድከው። ወገብህን ያመመህ መስሎኝ ነበር። እኔ እኮ መድኃኒት ነው የምሸጠው ሙንዲር፤ ያ ክኒን ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጅማት አይሰፋም።»

«አባትሽ የሚሰጥሽ ለወርዋሪው ነው። ካልወረወርኩ ምን ይዤ ልምጣ? ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር አልተማርኩም።»

«እኔ ስትወረውር አንድ ቀን እንኳ አይቼህ አላውቅም» አለች ሰልዋ።

ሙንዲር ቀና ብሎ አያት።

«በስልክ ያሳየኸኝን አልቆጥረውም፤ እሱ ውስጥ የሚታየው ኮፍያ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ፕላስተር የሚገዛውን ሰውዬ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ጤናው እንደ ብረት ነው ካሉ፣ ከጓዳ ወጥቼ አልፈልገውም እላለሁ። በውሸት አልዳርም።»

«እውነቱን ካወቀ አባትሽ እምቢ ይላል።»

«ሊል ይችላል» አለች። አላጽናናችውም። አጠገቤ ስታልፍ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ገንዳውን አይታ «ጋሼ፣ ይኼ ጎማ ደህና ነው» ብላኝ ወጣች።

ሙንዲር የሄደችበትን እያየ ቆየ። ከዚያ ከመሬት ኳስ አነሣ። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልደረስኩም። እግሩን አነሣ፣ ሰውነቱ እንደ ጅራፍ ተጠመዘዘና ለቀቃት። ኳሷ ጎማዋን ሳትነካ በመሐሏ አልፋ የሩቁ አጥር ሥር ካለው አፈር ውስጥ ተቀበረች። እሱ ክርኑን አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ላብ ግንባሩን ሸፍኖታል።

«ሰሙ ጋሼ?» አለኝ።

«ምንም አልሰማሁም።»

«እኔም» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እሑድ ስንሄድ አራት ሆንን። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይመጣም። ሐጂ ሙዓዊያ መንገዱን ሙሉ ተመለስ አሉት፤ ተቆጡት፤ ለመኑት። ሙንዲር እሺ ሐጂ እያለ፣ ከኋላችን አሥር እርምጃ ርቆ መከተሉን አልተወም።

ሳቢት በር ላይ ሲያየው ግንባሩ ተኮማተረ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሐጂን ጠየቃቸው። ሐጂም ሰላምታቸውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሙንዲር ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ተቀመጥ ያለው ስለሌለ ቆሞ ተናገረ።

«አባባ፣ ባለፈው እሑድ ጤነኛ ነው ተብለው ነበር። ሐጂ አያውቁም፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ። የምወረውርበት እጄ ተበላሽቷል። ትናንት ለክለቡ ጻፍኩላቸው፤ ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ። ውል የለም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ድሮ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት ረዳት ይፈልጋል። ይቅጠሩኝ አይቅጠሩኝ አልታወቀም። ሌላ የለኝም። ሰልዋን ልጠይቅ የመጣሁት ይኼን ይዤ ነው።»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሰልዋ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አላት አባቷ።

«አዎ አባዬ።»

ሳቢት ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ስብሐት?»

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

«ጠርጥረህ ዋስ ሆንክ» አለ። ከዚያ በኋላ እኔን ማየት ተወ፤ አለመቆጣቱ ከቁጣ ባሰብኝ።

ዓይኑን ያሳረፈው ያልተዘረጋው ክርን ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ አየው። ሙንዲር እጁን ወደ ኋላው ሊደብቀው ጀምሮ ተወው፤ እንዳለ፣ እንደተጣመመ አንጠለጠለው። ሰልዋም ከበሩ አልተነቃነቀችም። ሁለቱ አልተያዩም፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያለን ሁሉ እየተያዩ መሆናቸውን እናውቃለን።

ሻዩ ቀዘቀዘ። አቶ ዋቅጋሪ አሳላቸው። በመጨረሻ ሐጂ ሙዓዊያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ ሳቢት፣ ምን ይዘን እንመለስ? እሺ ነው ወይስ እምቢ?» አሉ።

ሳቢት ቆቡን አስተካከለ።

«በሳምንቱ ተመለሱ» አለ። «እሱ ግን ቤቱ ይቆይ፤ ሽማግሌ ለመሆን ዕድሜው ገና ነው።»